የአባቴ ጨጓራና የመብላት ቀኖና

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የጻፍኩት ጽሑፍ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉት ነገሮች በጨጓራ ካንሰር ዕድገት ውስጥ ስላላቸው ሚና ነበር። ርእሱን ፈትቼ ስነግራት እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና «ከስንቱ ትምህርት ይሄን መረጥሽ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ነገር ሲመጣብኝ ዝም ማለት አልችልበትምና «ታዲያ ስለ ምን ልማር፣ አገሩ ሁሉ ጨጓራዬን ጨጓራዬን እያለ» ብዬ መለስኩላት። ውሸቴን አልነበረም። ወደ ከተማችን ወደ አርብ ገበያ ወርዳችሁ እህል ሊሸጥ የመጣውን፣ አህያውን አስሮ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ብትጠይቁ ጨጓራውን የማያመው ሰው ማግኘት ይቸግራችኋል። አንዱ ተልባ ይመክራችኋል፣ አንዱ አብሽ፣ አንዱ ከሱቅ የሚገዛውን የሚታኘክ ነጭ ኪኒን። እንደ ክፉ ጎረቤት ለምደነዋል፤ እንሰድበዋለን እንጂ ተነሥቶ ይሄዳል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

ርእሱን የመረጥኩት ግን በአገሩ ሰው ምክንያት ብቻ አይደለም። በአባቴ ነው።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ የድጓ መምህርም ነበሩ፣ ሰዉ «መሪጌታ» ይላቸዋል። ድጓ የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ መጽሐፍ ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነችው ወደ አገራችን ቤተ ልሔም ሄዶ እሱን አስመስክሮ የተመለሰ ሰው በእኛ አገር ሲያልፍ የተቀመጠ ይነሣል። ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ ባለችው ደብራችን ግቢ ዙሪያ የተማሪዎቻቸው ጎጆዎች ነበሩ፣ ቤታችንም ከዚያው አጠገብ ነበር። እኛ ልጆቻቸው እንኳ እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ነበር የምንላቸው። «አባባ» ያልኳቸው ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ብላቸውም ዞር የሚሉ አይመስለኝም።

የሚኮሩበት ነገር ግን ዜማው አልነበረም። ድምፃቸውን ሲያሞግሱላቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ። ስለ ጾማቸው ሲነሣ ግን ጢማቸውን ይዳብሳሉ። ቀዳሽ ቄስ ከመቀደሱ በፊት አሥራ ስምንት ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም፤ ሥርዓት ነው። ሌላው ቄስ ሰዓቱን ጠብቆ ይፈጽማል፣ አባቴ ሰዓቱ አልፎም ይጨምሩበታል። ሁዳዴ ሲገባ የእኛ ቤት ምሳ የሚባል ነገር ይረሳል፤ እሳቸው ፀሐይ ዘቅዝቃ ካልሆነ አይቀምሱም። እናቴ «ሰውዬው ጾመው ሲያበቁ ጾሙ ራሱ ይደክመዋል» ትል ነበር። በፊታቸው አይደለም፣ ለኔ ነው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ማኅሌት ላይ ሲቆሙ መቋሚያቸውን ከብብታቸው አውርደው አናቱን ከደረታቸው በታች፣ ልክ ጨጓራቸው ላይ ተጭነው ይደገፉበት ነበር። ሰዉ «እንዴት ቢመሰጡ ነው» ይላል። እናቴ ቤት ስንገባ «ተመስጦ አይደለም፣ አሟቸው ነው» አለች። ሲጠየቁ «ጨጓራ ነው» ይላሉ፤ ጨጓራ ደግሞ እንደ በሽታ አይቆጠርም ነበርና ነገሩ እዚያው ያበቃል።

እኔ ንፋስ መውጫ ሃይስኩል ጨረስኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ተመርቄ እዚያው ንፋስ መውጫ ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ተመለስኩ። ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ ሄድኩ። የምጽፍበትን ነገር በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚለካ መሣሪያ እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ አልነበረም፤ ሌላው ዓለም የለካውን ነው አንብቤ፣ አነጻጽሬ የጻፍኩት። አማካሪዬ «አንብቦ መረዳትም ሥራ ነው» እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። እኔ ግን አንዳንዴ ሰርግ ቤት አጥር ሥር ቆሜ ሽታውን እየተቀበልኩ ስለ ወጡ የማወራ ይመስለኝ ነበር።

ጽሑፉ ወገቡ ላይ ደርሶ ለትንሣኤ ቤት ስገባ አባቴ ከስተው ጥምጥማቸው ብቻ ቀርቶ ጠበቁኝ። የፋሲካው ዶሮ ወጥ ቀርቦ ሁለት ጉርሻ ጎረሱና «ጠገብኩ» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ በፋሲካ ሁለት ጉርሻ የሚበቃው ሰው ጤና የለውም። እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ሰገራቸው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ነገረችኝ፤ አይታው ሳይሆን ራሳቸው ተጨንቀው ነግረዋት። ስለዚህ ምልክት ወራት ሙሉ ሳነብ ነበር የከረምኩት። በማግስቱ «የኔታ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስላቸው «ማን ደበቀ፤ ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ» አሉኝ። «ለሐኪምም ይንገሩት፣ እግዚአብሔር አይቆጣም» አልኩ። ብዙ ተከራክረን በሚኒባስ ባሕር ዳር ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፋቸው አስገብቶ ጨጓራቸውን እንደሚያይ አስረዳቸውና «ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ» አላቸው። አባቴ ከታመሙ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄን እንኳ ለኔ ተወው» አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ አልጋቸው ላይ የሉም። አቅራቢያው ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄደው አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸው ወዝቶ መጡ። ነርሷ «አባ፣ ምንም አልቀመሱም አይደል?» አለቻቸው። «ምንም» አሉ። «ውሃስ?» «ውሃም» አሉ። እኔ በጾም ነገር አባቴን ልጠራጠር የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣብኝም። ገቡ፣ ትንሽ ቆይቶ ሐኪሙ ጓንቱን ሳያወልቅ ወጥቶ «ውሃ ሞልቶታል፣ ምንም አይታይም» አለኝ። ተከትዬው ገባሁ። አባቴ ጉሮሯቸው በማደንዘዣ ተይዞ እየተኮላተፉ «ጸበል ነው እንጂ ውሃ አይደለም» ይላሉ። አንድ ትልቅ ጣሳ ጸበል ጠጥተው ነበር የመጡት።

ሐኪሙ «ጸበልም እኮ ሆድ ውስጥ ሲገባ ያው ውሃ ነው» ሲል አባቴ ከአልጋው ቀና ብለው ሊከራከሩት ተነሡ። ጸበል ጾም አይሽርም፣ ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሐኪሙም ማተቡን ነካ ነካ አደረገ። እኔ አንድ ዓይኔ በንዴት፣ አንድ ዓይኔ በሳቅ አለቀሰ። ለማግስቱ ተቀጠርን፣ አመሻሹ ላይ «የኔታ፣ ነገ ቀዳሽ ነዎት ብለው ያስቡት። ቀዳሽ ሳይቀድስ ጸበል ይጠጣል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አይጠጣም» አሉ። «በቃ» አልኩ። በማግስቱ ባዶ ሆዳቸውን ቀረቡ፣ ናሙናም ተወሰደ።

ውጤቱ ሲመጣ አባቴ ሐኪሙን ዙሪያ ጥምጥም እንዲሄድ አልፈቀዱለትም። «ነቀርሳ ነው?» አሉት። «አዎ አባ» አላቸው። ሳይሰራጭ ስለተደረሰበት ቆርጦ ማውጣት እንደሚቻል፣ አብዛኛው ጨጓራቸው ግን እንደሚወጣ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ መብላት እንዳለባቸው፣ ረጅም ሰዓት በባዶ ሆድ መዋል እንደማይችሉም ነገራቸው።

አባቴ ጥቂት አሰቡና «ስለዚህ መቀደስ የለም» አሉ። ሐኪሙ አልገባውም፣ ወደ እኔ አየ። የአሥራ ስምንቱን ሰዓት ነገር ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ «እሱ አይሆንም አባ» አለ።

«እንግዲያው ይቅርብኝ» አሉ አባቴ። መቋሚያቸውን አንስተው ሐኪሙን መርቀው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ።

እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ንዴቴን ይዤ ተጓዝኩ። ከዚያ ግን አልቻልኩምና ሚኒባሱ ውስጥ ሰው እየሰማ «ራስን መግደል ጽድቅ ነው ወይ?» አልኳቸው። አጠገባችን የነበሩ ሴትዮ ደንግጠው አማተቡ። አባቴ በመስኮቱ እያዩ «ቄስ ሳይቀድስ ምኑን ኖረው» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ተራ ነገር። ቤት ደርሰን ለእናቴ ነገርኳት። ማጀት ገብታ ብዙ ቆየች።

ወደ ዩኒቨርሲቲው ሳልመለስ ቤት ሰነበትኩ። ወረቀቶቼንም ይዤ ነበር የመጣሁት፤ አባቴ ሲያስተምሩ እኔ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ አነባለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ሲበተኑ አትሮንሱ ላይ ድጓው እንደተዘረጋ ጠሩኝ። «እስቲ ይሄን የምትማሪውን ንገሪኝ። ከየት መጣብኝ? ጾሙ ነው?» አሉኝ።

«ጾሙ አይደለም» አልኩ ቶሎ ብዬ።

ትከሻቸው ወረደ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ለካ ይሄ ነበር ሲበላቸው የከረመው፤ ሰው በጾም ታመመ እንዳይባል።

ከዚያ እንዴት ላስረዳቸው ብዬ ሳስብ ዓይኔ ድጓው ላይ አረፈ። ድጓ የተጻፈው እንዲህ ነው፤ ቃሉ በጉልህ ይጻፋል፣ ከቃሉ በላይ ደግሞ ደቃቅ ምልክቶች አሉ፤ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቁርጥ የሚባሉ። ምልክቶቹ አይነበቡም። ቃሉ የት ከፍ እንደሚል፣ የት እንደሚረግብ፣ የት እንደሚቋረጥ የሚያዙት ግን እነሱ ናቸው።

«በሰው ገላ ውስጥ ባለች በእያንዳንዷ ሕዋስ እንደ ድጓ ያለ መጽሐፍ አለ» አልኳቸው። «ከመጽሐፉ ቃል እየተገለበጠ ይወጣል፣ በቃሉ መሠረት ሥራ ይሠራል። አንዱ ቃል ‹እደግ› ይላል፣ አንዱ ‹በቃ› ይላል። እኔ የምማራቸው ነገሮች ደግሞ ደቃቆች ናቸው፣ ከሃያ ፊደል እምብዛም አያልፉም። ራሳቸው አይነበቡም፣ በነሱ መሠረትም ሥራ አይሠራም። የተገለበጠው ቃል ላይ ሄደው ይለጠፉና ድምፁን ያጠፉታል።»

«ቁርጥ ያገቡበታል» አሉ አባቴ።

«ቁርጥ ያገቡበታል። ጤነኛ ሲሆን እያንዳንዱ በቦታው ነው። በእንዲህ ያለው በሽታ ግን ‹እደግ› የሚለው ቃል ላይ የነበረው ቁርጥ ይጠፋል፣ ያ ቃል አላቆም ይላል። ‹በቃ› የሚለው ቃል ላይ ደግሞ ያልነበረ ቁርጥ ይገባበታል፣ እሱ አይሰማም። ያው ሥጋው ያድጋል፣ ያድጋል፣ ማን ያስቁመው። ቃሉ ራሱ የሚበላሽበትም ጊዜ አለ። የኔ ትምህርት ስለ ምልክቶቹ ነው።»

አባቴ ጣታቸውን አንዱ ምልክት ላይ አደረጉ። መጽሐፍ ገልባጭ አንዲት ምልክት ሲያጎድል ቃሉ ሳይነካ ዜማው እንዴት እንደሚበላሽ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፣ ተማሪ ሲገርፉ የኖሩት ለዚሁ ነው። «ማን አዛባው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አንዲት ተባይ አለች፣ ዓይን የማያያት፣ ኤች ፓይሎሪ የምትባል። ጨጓራ ውስጥ ዓመታት ትቀመጥና ታቆስለዋለች። ሲቆስል፣ ሲድን፣ ሲቆስል ምልክቶቹ እየተዛቡ ይሄዳሉ። ዕድሜም አለበት። እድልም አለበት። የእርስዎን ማን እንዳዛባው ግን አላውቅም የኔታ።»

«ምልክቱን መልሶ ማቃናትስ?»

«እየሞከሩ ነው። በአይጥ ላይ ነው ገና።»

«እኔ አይጥ አይደለሁም» አሉ።

«አይጥ ቢሆኑ ይሻል ነበር፣ አይጥ ልታከም ስትባል እንቢ አትልም» አልኳቸው። ፈገግ ብለው ድጓውን ዘጉ። እንቢታቸው ግን እንዳለ ነበር። ገብቷቸዋል፤ እኔ ከምጠብቀው በላይ ገብቷቸዋል፣ ግን የሚያሳስባቸው በሽታው አልነበረም። መቅደሱ ነበር። ማይክሮ አር ኤን ኤ ለዚያ መልስ የለውም።

መልሱን ያመጣችው እናቴ ናት። ማንንም ሳታማክር ወገዳ ሱቅ ላለው ዘመዳችን ስልክ ደውላ «ለአባ ንገርልኝ» ብላ ላከች። አባ የአባቴ የንስሐ አባት ናቸው፤ ሲማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ እልፍ ብላ ባለች ደብር የሚኖሩ ሽማግሌ መነኩሴ። አባቴን በልጅነታቸው ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን አባቴን «አንተ» የሚል ሰው እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር።

በዓርብ የገበያ ቀን እህል ከሚጭን አይሱዙ ጋቢና ወርደው ከች አሉ። አቧራቸውን ሳያራግፉ፣ እግራቸውን ሳይታጠቡ ገብተው አባቴ ፊት ተቀመጡ። የንስሐ ነገር ሰው ባለበት አይነገርም፤ እኔና እናቴ ልንወጣ ስንነሣ መነኩሴው በእጃቸው ተቀመጡ አሉን። ሆን ብለው መሰለኝ።

«ቅዳሴው የማን ነው?» አሉ።

«የእግዚአብሔር» አሉ አባቴ።

«ጾሙስ?»

«የእግዚአብሔር።»

«ታዲያ ያንተ ያልሆነ ነገር ቀረብኝ ብለህ ነው የምትሞት?»

መነኩሴው ቀጠሉ። «ልጅ ሳለህም እንዲሁ ነበርክ። ሌላው ሲርበው ያለቅሳል፣ አንተ ሲርብህ ደስ ይልህ ነበር። ዝም ያልኩህ ያልፍልሃል ብዬ ነው። አላለፈልህም። ጾምህን አፍቅረሃል። ይሄ ጾም አይደለም፣ ትዕቢት ነው። ቀኖና እሰጥሃለሁ።»

ቀኖና ለኃጢአት የሚሰጥ ቅጣት ነው። ሁሌም ጾም ነው፣ ስግደት ነው፣ እንዲህ ያህል ቀን እህል አትቅመስ፣ እንዲህ ያህል ስገድ። አባቴ ይሄ ሲባል ፊታቸው በራ፤ የሚያውቁት አገር ደረሱ። አጎንብሰው «ይስጡኝ አባቴ» አሉ።

«ሄደህ ትታከማለህ። ከዚያ ሐኪሙ ብላ ባለህ ሰዓት ሁሉ፣ ብላ ያለህን ሁሉ ትበላለህ። ረቡዕ የለም፣ ዓርብ የለም፣ ሁዳዴ የለም። ሰዓት ዝንፍ አታደርግም። መቅደሱን ለሚችል ትለቃለህ። እኔ እስክፈታህ ድረስ ቀኖናህ መብላት ነው።»

አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ድምፅ የለውም፣ ጢማቸው ብቻ ራሰ። የንስሐ አባት የሰጠውን ቀኖና ግን ቄስ እንቢ ማለት አይችልም፤ ራሳቸው ለስንቱ ሰጥተዋል። መስቀሉን ተሳለሙና «ይሁን» አሉ። እናቴ ለእንግዳው እግር ውሃ ልታሞቅ ተነሣች።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ። ከዚያ በኋላ የሚሰጠውን ከባድ መድኃኒትም የቻሉትን ያህል ወሰዱ። እኔ ጽሑፌን ጨርሼ ለፈተና ስቆም የድጓውን ምልክት ምሳሌ አድርጌ ተናገርኩ። አንዱ ፈታኝ ሳቁ፣ አንደኛዋ ግን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ማለፉን አለፍኩ። ንፋስ መውጫ ተመልሼም ለተማሪዎቼ እንዲሁ ነው የማስተምረው።

ቤት ውስጥ ግን ትልቁ ፈተና ሁዳዴ ነበር። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት አዟል። እናቴ በሁዳዴ ቅባት የነካው ዕቃ ታጥቦ፣ ተፈትጎ በሚሰቀልበት ቤት ለእንቁላል ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት ለየች፤ ከሌላው ዕቃ እንዳትነካካ ከደጅ በኩል አስቀመጠቻት። በሁዳዴ የእንቁላል ሽታ አጥር አያግደውም። ሳምንት ሳይሞላ ምንጭ ላይ «መሪጌታ ሃይማኖት ለወጡ» መባሉን ሰማን። እኔ ወርጄ ልፋለም ነበር፣ እናቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ። አባቴ መጀመሪያ ሰሞን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚበሉት።

የስቅለት ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ይውላል። አባቴም ሄደው ከውጭ፣ ከግድግዳው ጥግ ቆመው ነበር። የመብያ ሰዓታቸው ሲደርስ እናቴ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጥታ ወደ ቤት እንዲገቡ ጠቀሰቻቸው። አልገቡም። ተማሪዎቻቸውን ጠሩና ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ከተሜ ቢሆን መድኃኒት ነው ብሎ ያልፈው ነበር፤ እሳቸው ግን «ይሄ ቀኖናዬ ነው» አሏቸው። «እናንተ ትሰግዳላችሁ፣ እኔ እበላለሁ። ለሚጠይቃችሁ አየን ብላችሁ ንገሩ። ነገ እናንተም ስትታመሙ እንደኔ እንዳታፍሩ።» ከዚያ አማትበው በሉ። እያንዳንዱን ጉርሻ ሲውጡ ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር፤ ሰው ከስግደት ሲነሣ ጉልበቱን እንደሚያመው። እኔ እህል ሳልቀምስ ውዬ ነበር፣ የዚያን ዕለት ጾም ከኔ ይልቅ እሳቸው ጋ ነው ያለው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወዲህ ምንጭ ላይ ያ ወሬ ተነሥቶ አልሰማንም።

እንዲህ ሆነው ዓመታት ኖሩ። ተማሪዎቻቸው ለቤተ ልሔም በቁ፣ እኔ አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ፤ ልጄም «የኔታ» አለቻቸው። ሰዓታቸውን አዛንፈው አያውቁም። ጎጆው ውስጥ ዜማ እያስተማሩ መሃል ላይ አቋርጠው ይበላሉ፣ ተማሪው ይጠብቃል፣ ይቀጥላሉ።

ከዚያ ነገሩ ተመልሶ መጣ፤ ጉበታቸው ላይ። ሐኪሙ ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ ምንም አልጠየቅኩትም። የትኛዋ ሕዋስ ተርፋ፣ «በቃ» የሚለው ቃል ሳይሰማት ሄዳ እንደተቀመጠች ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ እኔ ግን ጽፌበታለሁ፣ ገጹን አውቀዋለሁ። በመጨረሻው ሰሞን ጉርሻው አልወርድ አላቸው። አጥሚቱም አልወርድ አለ። እናቴ በሰዓቱ ሳህኑን ትይዛለች፣ እሳቸው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይሞክራሉ፣ ይመለሳል። ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት ነበራቸው። የሚያሰቃያቸው እሱ አልነበረም። «ቀኖናዬን አፈረስኩ» ይላሉ፣ ደግመው ደጋግመው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እኔ ወደ ወገዳ ደወልኩ። አባ በጣም አርጅተው ከደብራቸው መውጣት አቁመው ነበር፤ የሚያገለግላቸው ዲያቆን ስልክ ነበረው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ብዙ ደከምኩ። ሲገኙ ነገሩን ነገርኳቸውና ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አባቴ ጆሮ ሥር ያዝኩት።

«ልጄ» አሉ መነኩሴው። ድምፃቸው ቀጥኗል። «መብላት አቃተህ አሉኝ።»

«አቃተኝ አባቴ። በሰዓቱ አልበላሁም።»

«ቀኖናህን ፈጽመሃል። እግዚአብሔር ይፍታህ። ከዛሬ ጀምሮ ጹም።»

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። እንዲህ ያለ ፊት ከታመሙ ወዲህ አላየሁባቸውም። ከዚያ እንደማንኛውም ጿሚ ጠየቁ። «እስከ ስንት ሰዓት?»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እስኪጠሩህ» አሉ መነኩሴው።

እናቴ ሳህኑን ከአጠገባቸው አንስታ ወጣች። ትንሿን ድስትም ከደጅ አምጥታ ሁለቱን አንድ ላይ ስታጥባቸው ሰማኋት፣ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። አባቴ ነገ እንደሚቀድስ ሰው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ምሥራቅ ዞረው ተኙ። ከዚያ በኋላ ምንም አልቀመሱም።